ላልታተመ ጨዋታ የተከፈለ ገንዘብ፤ የብዙኃን መዋጮ አጭር ታሪክ

አንድ ዕቃ ተሠርቶ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የሚጠይቀውን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ በንግድ ታሪክ ውስጥ እጅግ የቆየ ነው። ነጋዴው ከራሱ ካዝና ያወጣል፤ ባለጸጋ በወለድ ያበድራል፤ ባንክ መያዣ ተቀብሎ ይሰጣል፤ ባለአክሲዮን ትርፍ ተስፋ አድርጎ ይገባል። ከእነዚህ የተለየ አምስተኛ መንገድም አለ። እርሱም ገዢው ራሱ ዕቃውን ሳያይና ሳይጨብጥ ዋጋውን አስቀድሞ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ይህ መንገድ በዘመናችን በኢንተርኔት አማካይነት ተስፋፍቶ የብዙኃን መዋጮ በሚል ስም ይታወቃል።

የብዙኃን መዋጮን ጠባይ ለመመርመር ከሰሌዳ ጨዋታ የተሻለ መስክ ማግኘት ያስቸግራል። ሰንጠረዥ፣ ዳማና ገበጣ ባለቤት የላቸውም፤ ማንም ጠጠር ለቅሞ ወይም ቆርኪ ሰብስቦ ሊጫወታቸው ይችላል። በዘመናዊው ዓለም የሚሸጠው የሰሌዳ ጨዋታ ግን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ አታሚና አሳታሚ ያለው ዕቃ ነው። ሐሳቡ የሚመነጨው ከአንድ ሰው አእምሮ ሲሆን፣ ሳጥኑ ግን ሺህ ሆኖ ካልታተመ የአንዱ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ደራሲው ሐሳቡን ባገኘበት ዕለትና የመጀመሪያው ሳጥን በሚሸጥበት ዕለት መካከል ሰፊ ገደል አለ፤ ያንን ገደል የሚሞላው ገንዘብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተነሣው ጉዳይ ገንዘቡ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ፣ ሥራው ሳይሳካ ቢቀር ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። በአገራችን የዕቁብ ሥርዓት ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን እንዳይረከብ የተደረገው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነበር። የብዙኃን መዋጮም ገንዘብን ከብዙዎች ሰብስቦ ለአንድ ሰው በማስረከብ ረገድ ከዕቁብ ጋር ይመሳሰላል፤ ዋስ የማይጠራበት መሆኑ ግን ይለየዋል። በዋሱ ምትክ ምን ሊቆም እንደሚችል ታሪኩ ራሱ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. አስቀድሞ የመክፈል ልማድ

በ1713 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ የሆሜርን ኢሊያድ ለመተርጎም ሲነሣ፣ ሥራው ዓመታት የሚፈጅና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ መሆኑን ተገንዝቦ ተመዝጋቢዎችን በማሰባሰብ ጀመረ። መጽሐፉ በስድስት ቅጽ የሚወጣ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ቅጽ ዋጋ ጊኒ የሚባለው አንድ የወርቅ ገንዘብ ነበር። ተመዝጋቢው ግን ስድስቱን ጊኒ በአንድ ጊዜ እንዲቆጥር አልተጠየቀም፤ መነሻ የሚሆን ሁለት ጊኒ ከከፈለ በኋላ ቀሪውን ቅጾቹ በየጊዜው ሲደርሱት ይከፍል ነበር። የተመዝጋቢዎቹም ስም በመጀመሪያው ቅጽ ታትሞ ወጣ። ቅጾቹ ከ1715 እስከ 1720 ዓ.ም. ተራ በተራ ታትመው ሥራው ተፈጸመ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ገንዘቡ ከሥራው ጋር እኩል ይራመድ ስለ ነበር፣ ባለቅኔው በመካከል ቢያቋርጥ ተመዝጋቢው የሚያጣው ጥቂቱን ብቻ ነው። ባለቅኔው በበኩሉ የሚቀጥለውን ክፍያ ለማግኘት የሚቀጥለውን ቅጽ ማድረስ ግዴታው ነበር። የክፍያው መከፋፈል ራሱ እንደ ዋስ ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ይቻላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ በ1885 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተደረገው መዋጮ ነው። ከፈረንሳይ ለተላከው የነጻነት ሐውልት መቆሚያ የሚሆን ገንዘብ ስላልተሟላ፣ የዘ ወርልድ ጋዜጣ ባለቤት ጆዜፍ ፑሊትዘር የሰጪውን ሁሉ ስም በጋዜጣው እንደሚያትም አስታውቆ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። በአምስት ወራት ያህል ጊዜ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከ100,000 ዶላር በላይ አዋጡ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ ይህኛው ስጦታ ነበር። ሰጪው ከስሙ መታተም በቀር የሚቀበለው ዕቃ አልነበረውም። የዛሬው የብዙኃን መዋጮ የእነዚህን የሁለቱን ልማዶች ጠባይ አጣምሮ የያዘ ነው፤ ስሜቱ የስጦታ፣ ውሉ ግን የግዢ ነው። በኋላ ለተነሣው ውዝግብ ሁሉ ምንጩ ይህ ቅይጥነት ሆኗል።

፪. ደራሲው በራሱ ኪስ

በጨዋታው መስክ የመጀመሪያው ዘመን ደራሲው ጉዳቱን ሁሉ ብቻውን የተሸከመበት ዘመን ነበር። ኤልዛቤት ማጊ የተባለች አሜሪካዊት የአጭር እጅ ጽሕፈት ባለሙያ፣ የኢኮኖሚ ሊቁን የሄንሪ ጆርጅን ትምህርት ለሕዝብ ለማስረዳት ስትል የባለርስቱ ጨዋታ ብላ የሰየመችውን የሰሌዳ ጨዋታ ደረሰች፤ ጃንዋሪ 5 ቀን 1904 ዓ.ም.ም በመንግሥት የተመዘገበ የፈጠራ መብት ተሰጣት። የጨዋታው ዓላማ የመሬት ኪራይ ባለርስቱን እንዴት እንደሚያበለጽግና ተከራዩን እንዴት እንደሚያደኸይ ማሳየት ነበር። በ1906 ዓ.ም. ጨዋታው በኒው ዮርክ ታትሞ ቢወጣም በሰፊው ገበያ አልተሰራጨም። ይልቁንም ተጫዋቾች በእጃቸው እየገለበጡ፣ የየከተማቸውን መንገዶች ስም እየጻፉበት፣ ከቤት ወደ ቤት ሲቀባበሉት ኖሩ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ ቻርልስ ዳሮው የተባለ ሥራ ያጣ የፊላደልፊያ ሰው ይህንኑ ጨዋታ ከወዳጆቹ ተማረ። የተማረው ጨዋታ የአትላንቲክ ሲቲ ከተማ መንገዶች ስም የተጻፈበት ነበር። ዳሮው በመጀመሪያ በእጁ እየሠራ፣ ቀጥሎም በራሱ ወጪ እያሳተመ ሞኖፖሊ በሚል ስም ለመደብሮች ሸጠ። ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ በ1934 ዓ.ም. ጨዋታውን አልቀበልም ብሎ የነበረ ቢሆንም፣ በመደብሮች ያገኘውን ተፈላጊነት አይቶ በ1935 ዓ.ም. ገዛው። በዚያው ዓመት ኩባንያው የማጊን የፈጠራ መብት በ500 ዶላር ጠቅልሎ ወሰደ፤ ከሽያጩ ግን የምታገኘው ድርሻ አልነበራትም። ዳሮው ከየሳጥኑ በሚከፈለው ድርሻ ባለጸጋ ሆነ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው የዕድል ልዩነት ብቻ አይደለም። ማጊ መብቷን በሕግ አስመዝግባለች፤ ጨዋታዋም ሰዎች ሳይታክቱ በእጃቸው እስኪገለብጡት ድረስ የተወደደ ነበር። ያጣችው በብዛት አትሞ ወደ ገበያ የሚያደርስ አቅም ነው። አቅም ያለው በመጣ ጊዜ ዋጋውን የቆረጠውም እርሱ ሆነ።

የስክራብል ጨዋታ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። አልፍሬድ በትስ የተባለ በድቀቱ ዘመን ሥራ ያጣ አርክቴክት የደረሰውን የቃላት ጨዋታ ታላላቆቹ አምራቾች አልተቀበሉትም። በ1948 ዓ.ም. ጄምስ ብሩኖት የተባለ ወዳጁ የማምረቱን መብት ወስዶ፣ ስክራብል የሚለውን ስም ሰጥቶ፣ በኮነቲከት ግዛት ከባለቤቱ ጋር በእጅ መሥራት ጀመረ። በ1949 ዓ.ም. 2,400 ሳጥን ሠርተው በዓመቱ መጨረሻ 450 ዶላር ከሠሩ። እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ ሥራው እንዲሁ እያዘገመ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ትዕዛዙ በድንገት ጎረፈ። ባልና ሚስቱም ትዕዛዙን ብቻቸውን ለመወጣት ስላልቻሉ ሴልቾው ኤንድ ራይተር የተባለ አምራች ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። ያ 450 ዶላር ኪሳራ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አልወደቀም፤ ከቤተ ሰቡ ኪስ ወጣ።

፫. ባለአክሲዮኖችና ቅድመ ትዕዛዝ

በዲሴምበር 1979 ዓ.ም. በካናዳ ከተማ በሞንትሪያል ክሪስ ሄኒና ስኮት አቦት የተባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ትሪቪያል ፐርሱት የተባለውን የጥያቄና መልስ ጨዋታ አሰቡ። ገንዘብ ስላልነበራቸው ከሥራ ባልደረቦቻቸውና ከወዳጆቻቸው መካከል ከሠላሳ በላይ ሰዎችን በአክሲዮን አስገብተው ወደ 40,000 ዶላር አሰባሰቡ። በ1981 ዓ.ም. ለሙከራ የታተመው 1,100 ሳጥን ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ማምረቻ ወጪ 75 ዶላር ሆኖ ሳለ ለመደብር የተሸጠው በ15 ዶላር ነበር። በሌላ አነጋገር በእያንዳንዱ ሳጥን 60 ዶላር ጠፋ። ከዚህ በኋላ ሴልቾው ኤንድ ራይተር የአሜሪካን ገበያ ያዘ፤ በ1984 ዓ.ም. ብቻ በሰሜን አሜሪካ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሳጥን ተሸጠ። በመጥፎው ቀን ያመኑት ጥቂት ባለአክሲዮኖችም እጅግ ከበሩ።

በዚህ አሠራር ጉዳቱም ትርፉም ለአንድ ወገን ነበር። ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ቢጠፋ የሚጠፋበትን ያህል ቢለማ የሚለማለት ባለድርሻ ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ከመጣው ጋር ለማነጻጸር ስለሚረዳ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ጂ ኤም ቲ ጌምስ የተባለ የታሪክና የጦርነት ጨዋታዎች አሳታሚ ፕሮጀክት 500 የተሰኘ ሥርዓት ዘረጋ። አሳታሚው ሊያወጣ ያሰባቸውን ጨዋታዎች ዝርዝር ያስታውቃል፤ የሚፈልግ ሰው በቅናሽ ዋጋ ያዝዛል፤ የአንዱ ጨዋታ ትዕዛዝ 500 ሲሞላ ለኅትመት ይዘጋጃል። ታዛዡ ግን በሚመዘገብበት ዕለት ገንዘብ አይከፍልም፤ ሒሳቡ የሚጠየቀው ጨዋታው ታትሞ የሚላክበት ጊዜ ሲቃረብ ነው። አሳታሚው በዚህ ዘዴ ያገኘው ዕውቀትን ነው፤ ስንት ሰው እንደሚገዛ ሳያውቅ ከማተም ዳነ። ወጪውን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የተሸከመው ራሱ ነበር።

፬. የኢንተርኔት መድረክ

ኪክስታርተር የተባለው መድረክ ኤፕሪል 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሥራ ጀመረ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አንድ ደራሲ የሚያስፈልገውን የገንዘብ መጠንና የመዝጊያውን ቀን ቆርጦ ዘመቻውን ይከፍታል፤ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ የመረጠውን ያህል ለመክፈል ቃል ይገባል። በመዝጊያው ቀን ግቡ ከሞላ ገንዘቡ ከየከፋዩ ላይ ተነሥቶ ለደራሲው ይተላለፋል፤ ካልሞላ ግን ማንም ሳንቲም አይከፍልም። መድረኩ ከተሰበሰበው ከመቶ 5 እጅ ይወስዳል፤ የክፍያ አስተላላፊዎች ድርሻ ሲታከልበት ከመቶ 8 እስከ 10 ይደርሳል።

የጨዋታ ደራሲዎች ይህን መድረክ ቶሎ ተቀበሉት። በ2010 ዓ.ም. ኤሊያን ፍሮንቲርስ ለተባለው ጨዋታ 5,000 ዶላር ተጠይቆ ወደ 15,000 የሚጠጋ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዞምቢሳይድ የተባለው ጨዋታ ከ780,000 ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2015 ዓ.ም. ኤክስፕሎዲንግ ኪትንስ ለተባለው የካርታ ጨዋታ 10,000 ዶላር ብቻ ተጠይቆ ሳለ 219,382 ሰዎች ከ8.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ማጊ ያላገኘችው መንገድ ለማንም ደራሲ የተከፈተ መሰለ።

ከፕሮጀክት 500 ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ መሠረታዊ ለውጥ ተደርጓል። በአዲሱ መድረክ ገንዘቡ የሚነሣው ኅትመቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉና ሕጉ ሳይጠናቀቅ ነው። ከትሪቪያል ፐርሱት ጋር ሲነጻጸርም ከፋዩ አክሲዮን የለውም፤ ጨዋታው ሚሊዮን ቢሸጥ የሚደርሰው አንድ ሳጥን ነው። ስለዚህ የባለአክሲዮኑ ሥጋት ወደ ገዢው ሲተላለፍ የባለአክሲዮኑ ትርፍ አብሮ አልተላለፈም።

መድረኩ ራሱም በሴፕቴምበር 2012 ዓ.ም. ሱቅ አለመሆኑን በይፋ አስታወቀ፤ ደራሲዎችም ሊያጋጥማቸው የሚችለውን ሥጋትና ችግር በዘመቻው ገጽ ላይ እንዲገልጹ ደነገገ። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በኢታን ሞሊክ ተመርቶ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ጥናት፣ በመድረኩ ገንዘብ ካገኙት ሥራዎች ከመቶ 9 የሚሆኑት ቃል የገቡትን ሳያደርሱ መቅረታቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ለአዲስ ሥራ ጀማሪ ብዙ ነው አይባልም፤ ዕቃ እንደ ገዛ ለሚቆጥር ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

፭. የሒሳቡ ነገር

ብዙ ዘመቻዎች የሚፈርሱት በክፋት ሳይሆን በስሌት ጉድለት ነው። ለማስረዳት ያህል የሚከተለውን ግምታዊ ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ደራሲ ሳጥኑን በ40 ዶላር አቅርቦ 1,000 ከፋዮች ቢያገኝ 40,000 ዶላር ይሰበስባል። የመድረኩና የክፍያ አስተላላፊው ድርሻ 4,000፣ የሥዕልና የንድፍ ወጪ 6,000፣ ማተሚያ ቤቱ ከ1,500 በታች አላትምም ስላለ 1,500 ሳጥን በ11 ዶላር ሒሳብ 16,500፣ የመርከብና የጉምሩክ ወጪ 4,000፣ ለ1,000 ከፋዮች በየቤታቸው ለማድረስ በ10 ዶላር ሒሳብ 10,000 ዶላር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 40,500 ዶላር ይሆናል። ግቡ ሞልቶ፣ ደራሲው ለራሱ ድካም አንድ ሳንቲም ሳያስብ፣ 500 ዶላር ጎደለው ማለት ነው። በእጁ የሚቀረው ያልተሸጠ 500 ሳጥን ነው።

ብዛት ይህን ጉድለት ይሞላዋል የሚለው ሐሳብም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በዚሁ ምሳሌ ከአንድ ተጨማሪ ከፋይ ከሚገኘው 40 ዶላር ላይ 4 ለድርሻ፣ 11 ለኅትመት፣ 10 ለማድረሻ ሲነሣ 15 ይተርፋል። የማድረሻው ዋጋ ከ10 ወደ 18 ቢያሻቅብ ትርፉ ወደ 7 ይወርዳል። ገንዘቡ ከግቡ በላይ ሲሞላ ብዙ ደራሲዎች በደስታ ተገፋፍተው ተጨማሪ ካርታ፣ ተጨማሪ ምስል፣ የተሻለ ሳጥን እንሰጣለን ብለው ቃል ይገባሉ። የዚህ ጭማሪ ወጪ በየሳጥኑ 7 ዶላር ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከፋይ ሁሉ የሚያመጣው ሥራ እንጂ ትርፍ አይሆንም። አሥር ሺህ ሰው ቢመጣ አሥር ሺህ ጊዜ ዜሮ ነው።

በሒሳብ አያያዝ ሥርዓት ዕቃው ለገዢው እስኪደርስ ድረስ አስቀድሞ የተሰበሰበ ገንዘብ በዕዳ በኩል ይመዘገባል። በዘመቻው መዝጊያ ዕለት በባንክ የሚታየው ትልቅ ቁጥር ለሙያው እንግዳ ለሆነ ሰው ሀብት መስሎ ይታየዋል፤ የሒሳብ ባለሙያ ግን ያው ቁጥር በዕዳው ዓምድ ላይ ተጽፎ ያየዋል። የብዙኃን መዋጮ ታሪክ ውስጥ ያሉት አሳዛኝ ምዕራፎች አብዛኞቹ ይህ ልዩነት ከመዘንጋቱ የተነሡ ናቸው።

፮. አንድ የፈረሰ ዘመቻ

በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ አንድ አሳታሚ የሞኖፖሊን መልክ በቀልድ የሚገለብጥ፣ መቼቱም ያችው አትላንቲክ ሲቲ የሆነች ጨዋታ ለማሳተም 35,000 ዶላር ጠየቀ። 1,246 ሰዎች 122,874 ዶላር ሰጡት፤ ይህም ከጠየቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በጁላይ 2013 ዓ.ም. አሳታሚው ሥራውን መሠረዙን አስታወቀ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባቀረበው ክስ እንደ ተገለጸው፣ ከገንዘቡ አብዛኛው ለቤት ኪራይ፣ ወደ ሌላ ግዛት ለመዛወሪያ፣ ለግል ዕቃና ለሌላ ሥራ የዋለ ነበር። በጁን 2015 ዓ.ም. ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ 111,793 ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ ነገር ግን ለመክፈል አቅም የለውም ተብሎ ውሳኔው ታገደ። ኮሚሽኑ በብዙኃን መዋጮ ላይ ያቀረበው የመጀመሪያው ክስ ይህ ነበር።

ከፋዮቹ በሕግ በኩል ያገኙት ገንዘብ ባይኖርም ጨዋታው ግን ደረሳቸው። ክሪፕቶዞይክ የተባለ ሌላ አሳታሚ ሥራውን ተረክቦ አሳተመና ለመጀመሪያዎቹ ከፋዮች ያለ ክፍያ ሰጣቸው። ይህ የሆነው የጨዋታው ደራሲዎች ንድፉን አስቀድመው አጠናቅቀውት ስለ ነበር ነው። የተጠናቀቀ ሥራ ባለቤት ቢያጣ ሌላ ያነሣዋል፤ በሐሳብ ላይ ያለ ሥራ ግን ከሰብሳቢው ጋር አብሮ ይጠፋል። ንድፉ ራሱ ለከፋዮቹ ዋስ ሆነ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

፯. በዋስ ምትክ የቆሙ ነገሮች

ከተሳኩት ዘመቻዎች መካከል ሁለቱን መመልከት ይጠቅማል። አይዛክ ቺልድረስ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ፎርጅ ዎር ለተባለ ጨዋታ በዚሁ መድረክ ገንዘብ ሰብስቦ ሥራውን ለከፋዮቹ አድርሷል። በ2015 ዓ.ም. ግሉምሄቨን የተባለውን እጅግ ትልቅ ጨዋታ ሲያቀርብ 4,904 ሰዎች 386,104 ዶላር ሰጡት። ሳጥኑ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደረሰ በኋላ ለሁለተኛው ኅትመት የመጡት 40,642 ሰዎች ሲሆኑ፣ የከፈሉት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2020 ዓ.ም. ለተከታዩ ጨዋታ ለፍሮስትሄቨን 83,193 ሰዎች ከ12.9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። ደረጃ በደረጃ የተገነባው የእምነት መጠን ከቁጥሮቹ ይነበባል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ዋስ የሆነው ቀደም ሲል የደረሰው ሳጥን ነው።

ሁለተኛው በቅዱስ ሉዊስ ከተማ ስቶንማየር ጌምስን የመሠረተው ጄሚ ስቴግማየር ነው። በ2012 ዓ.ም. ቪቲከልቸር በተባለ የወይን ጠጅ አመራረት ጨዋታ ጀምሮ ተከታታይ ዘመቻዎችን ሲያካሂድ፣ ጨዋታው ደርሶት ያልወደደ ከፋይ መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ ቃል እስከ መግባት ደርሷል። በ2015 ዓ.ም. ሳይዝ ለተባለው ጨዋታ 17,739 ሰዎች ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉለት። በዚሁ ከፍታ ላይ ሳለ ግን የብዙኃን መዋጮን ተወ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታዎቹን በራሱ ወጪ እያሳተመ፣ ለመላክ ሲቃረቡ ብቻ ትዕዛዝ መቀበል ጀመረ። ሥጋቱን ከገዢው ትከሻ አንሥቶ ወደ ራሱ መለሰው ማለት ነው።

ጠንቃቃ ደራሲ እንኳ የማያዝዛቸው ነገሮች መኖራቸው ደግሞ ሊካድ አይችልም። ከእነዚህ ጨዋታዎች እጅግ ብዙዎቹ የሚታተሙት በቻይና ነው። በ2021 ዓ.ም. የመርከብ ኮንቴይነር ዋጋ በብዙ እጥፍ ሲንር፣ ከዓመት በፊት በቆረጡት ዋጋ ገንዘብ የሰበሰቡ አሳታሚዎች ልዩነቱን ከራሳቸው ለመክፈል፣ አንዳንዶቹም ከፋዮቻቸውን ተጨማሪ ለመጠየቅ ተገደዱ። በኤፕሪል 2025 ዓ.ም. አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ የጣለችው አዲስ ቀረጥ ከመቶ 145 ደርሶ፣ በተከታዩ ወር ወደ ከመቶ 30 ሲወርድ፣ ገንዘብ ተቀብለው ሳጥናቸው በማተሚያ ቤት ወይም በባሕር ላይ የነበረ አሳታሚዎች የትኛውን ሒሳብ እንደሚይዙ ግራ ተጋቡ። ዋጋው በተቆረጠበትና ዕቃው በሚደርስበት ቀን መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሥጋቱ መጠን አብሮ ይሰፋል።

፰. መደምደሚያ

ከኤልዛቤት ማጊ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የተደረገውን ጉዞ ለሚያጤን፣ ለአንድ ጨዋታ የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ ጊዜ ከደራሲው፣ አንድ ጊዜ ከባለአክሲዮን፣ አንድ ጊዜ ከአሳታሚ፣ በመጨረሻም ከገዢው ዘንድ ተገኝቷል። ሥጋቱ በየዘመኑ ትከሻ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የብዙኃን መዋጮ ታላቅ በጎነት አቅም የሌለው ደራሲ መብቱን ሳይሸጥ ሥራውን እንዲያይ ማስቻሉ ነው፤ ይህን መናቅ አይገባም። ማጊ በ500 ዶላር የተለየችው መብት ዛሬ በደራሲው እጅ ሊቆይ ይችላል።

ይህ በጎነት ዘላቂ የሚሆነው ግን ዘመቻው ከሚከፈትበት ቀን በፊት በሚሠራው ሥራ መጠን ነው። ሕጉ ተፈትኖ፣ ንድፉ ተጠናቅቆ፣ የማተሚያ ቤቱ ዋጋ በጽሑፍ ተይዞ፣ የማድረሻው ወጪ በየአገሩ ተሰልቶ፣ ለዋጋ መናር መጠባበቂያ ተቀምጦ የሚከፈት ዘመቻ ዋሱን ይዞ የመጣ ዘመቻ ነው። እነዚህን ሳያሟላ የሕዝብ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ልቡ ቅን ቢሆንም እንኳ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት፣ ዋስ ግን ያልጠራ ዕቁበኛ ነው። የሒሳብ ባለሙያም ምክር የሚፈለግበት ጊዜ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ግቡ ከመቆረጡ በፊት ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚታረመው የወረቀት ላይ ቁጥር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው የሰው እምነት ነውና።